ከጀሪካኑ ሥር

ዝናሽ የምሳ ሰዓቷን እንደ ልማዷ በመዝገብ ቤቱ ጥግ፣ አቧራና እርጥብ ወረቀት በሚሸቱት መደርደሪያዎች መካከል፣ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ጀመረችው። ከራሷ በላይ ያለው ያረጀ አምፖል እንደ ዝንብ ይጮሃል። ሽሮዋ ቀዝቅዟል፤ ግድ አልሰጣትም። «ተተኪዋ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ አሥራ አንደኛ ክፍሉ ላይ ደርሷል። የቴሌግራም ቡድኗ አባላትም በድራማው ውስጥ ያለችው ማንነቷ የማይታወቅ ሴት ቀጥሎ የማን ቤት ገብታ የማንን ልጅ እንደምትተካ ለመገመት ይሽቀዳደማሉ።

የድራማው ገጽ በየቀኑ በምሳ ሰዓት አንድ ፎቶ ይለጥፋል፤ ፍንጭ ይሉታል። ፍንጭ በመፍታት ዝናሽን የሚስተካከላት አልነበረም፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ትኮራበታለችም። መጻፍ ስለሚሰለቻት መልሷን በድምፅ ነበር የምትልከው፤ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትለፈልፋለች።

ሰኞ የተለጠፈው፣ ከሩቅ የተነሳ፣ ጨለም ያለ ደረጃ ላይ የተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች ፎቶ ነበር።

«ይሄ እኮ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት» አለቻቸው እየሳቀች። «ቁልፍም የሚደበቀው እዚያው ጀሪካን ሥር ነው። እኛም ቤት እንደዚያው ነው።»

ማክሰኞ ጉልበት ላይ ያረፉ የአንዲት አሮጊት እጆች መጡ። «ይህቺን እናት በምን ታታልላታለች?» ይላል ከሥሩ።

«ዓይኗ የማያይ ከሆነ በድምፅ ነዋ!» አለች ዝናሽ ሳታስብ። የራሷን እናት ዓይን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ረቡዕ «ልጅቷ ቤት ስትገባ ምን ትላለች?» ተባለ። ሰው ሁሉ «እማዬ» ሲል፣ እሷ ከልጅነቷ እናቷን ስትጠራ የለመደችውን፣ ልክ በር ከፍታ እንደምትገባ አድርጋ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ላከችው፤ «እታባ፣ መጣሁ።» አራት መቶ ሰው የልብ ምልክት አስቀመጠላት።

ዛሬ ሐሙስ ፎቶው ሲመጣ መብራት ጠፋ። የአምፖሉ ጩኸት ሲቆም መስኮት አልባው ክፍል ጭር አለ፤ የወረቀቱ ሽታ እንኳ የጠነከረ መሰላት። በስልኩ ስክሪን ላይ ያው የሰኞው ደረጃ ይታያል፣ አሁን ግን ከቅርብ። በአንዱ ጀሪካን እጀታ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። ከጎረቤት ጀሪካን ጋር እንዳይለዋወጥባት ብላ ከአሮጌ ቀሚሷ ቀድዳ ያሰረችው ራሷ ዝናሽ ነበረች። ጀሪካኑ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ በነበረበት ቦታ ሲሚንቶው ላይ የእርጥበት ምልክት ብቻ ቀርቷል። ቁልፉ የለም።

ፈራች። ከልቧ ፈራች። «ዝኑ፣ ምነው ዛሬ ዝም አልሽ? ፍቺልን እንጂ!» ይላሉ የቡድኑ ሰዎች። ቤት ደወለች። ብዙ ከጠራ በኋላ ተነሳ።

«እታባ! በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው! ማንም ቢመጣ እንዳትከፍቺ!»

በፍርሃት የሻከረው ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ከወዲያ ማዶ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማል።

«ማን ልበል?» አለች እናቷ።

«እኔ ነኝ! ዝናሽ ነኝ!»

«ዝናሽማ አሁን ገባች እኮ፤ ይኸው ውሃ እየቀዳችልኝ ነው።»

የውሃው ድምፅ ቆመ፤ ቀጥሎ ዝናሽ የራሷን ድምፅ፣ ልክ ረቡዕ እንደላከችው ለስለስ ብሎ፣ ከእናቷ አጠገብ ሰማችው፤ «እታባ፣ ተሳስተው ነው፤ ስልኩን ዝጊው።»