ዘጠኝ ጣት

የቅርጫት ኳሷ ከተወረወረች አራት ሰከንድ ሆኗታል፤ ገና ወደ ላይ እየወጣች ነው። የጨረቃ ከተማ ተመልካቾች ለምደውታል፤ ቆሎ እየቆረጠሙ ይጠብቃሉ። የሜዳው መዝጋቢ ስንዱ ግን ትንፋሿን ውጣለች። ኳሷን ለወርዋሪው ያቀበለው ኦጁሉ ነው። ከገባች አሥረኛ አሲስቱ፣ ማለትም ነጥብ ያስገኘች አሥረኛ ቅብብሉ ትሆናለች።

ለኦጁሉ የመጨረሻ ጨዋታው ነው። ሃያ ሁለት ነጥብ አግብቷል፤ ተስተው የተመለሱ አሥራ አንድ ኳሶችን ይዟል። አንዲት አሲስት ብቻ ብትጨመርለት በጨረቃ ላይ የመጀመሪያው ትሪፕል ደብል፣ በሦስት ዘርፍ ባለ ሁለት አሃዝ ውጤት የእሱ ነው። ያን ጊዜ አዳራሹ በሙሉ አሥር ጣቱን እንዲያነሣ ከጥንት ጀምሮ ተወስኗል። እስካሁን ያነሣ ግን የለም።

ኳሷ ቀለበቱን ገጭታ ወደ ውጭ ወጣች። ወዲያው ጨዋታው አለቀ።

ሰሌዳው ግን «ትሪፕል ደብል፦ ኦጁሉ» ብሎ ቦግ አለ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አስቦ የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ልበ ቆጣሪው፣ ተሳስቷል። ስንዱ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ነገር ግን ይህ ውሸት ከገባ የኦጁሉ የሃያ ዓመት መዝገብ ሁሉ ይጠረጠራል። በከተማዋ ደንብ እርማት የሚጠየቀው ሁሉም እየሰማ ነው፤ ስንዱ ማይኩን ከፈተች።

«አሲስቱ ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኝ ደግሞ አንድ አሃዝ ነው። ለምን እንዲህ አልክ?»

«የቃሉን አመጣጥ መረመርኩ» አለ ልበ ቆጣሪው። «ደብል የተባለው ቁጥር ከአሥር ጀምሮ በሁለት አሃዝ ስለሚጻፍ ነው። አሥር የተመረጠው ደግሞ ሰው አሥሩን ጣቱን ሲጨርስ እንደገና ስለሚጀምር ነው። ኦጁሉ ያለው ዘጠኝ ጣት ነው። ለእሱ ሁለት አሃዝ የሚጀምረው ከዘጠኝ ነው። የቆጠርኩት በተጫዋቹ እጅ ነው።»

በአዳራሹ ውስጥ አሥረኛው ጣት የት እንደቀረ የማያውቅ የለም። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል አየር ሲያፈስ፣ ኦጁሉ የሚዘጋውን በር በእጁ ይዞ ሰባት ሰው አሳልፏል። ሰባተኛዋ ስንዱ ነበረች።

ኦጁሉ ከሜዳው ቀና ብሎ አያት። «ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ፣ ስንዱ» አላት እየሳቀ። «ከሰው ጋር ነው የተጫወትኩት፤ እንደ ሰው ይቆጠርልኝ።»

ጻፈች። በሰሌዳው ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፋ፤ እንባዋ ግን መጣ። ቀና ስትል ከላይኛው ረድፍ አንዲት አሮጊት ሁለት እጃቸውን አንሥተዋል፤ አንድ ጣታቸውን አጥፈዋል። አጠገባቸው ያለው ሰው ተከተላቸው፤ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ስንዱም ደስታው አላስችል ብሏት ዘጠኝ ጣቷን አነሣች።

«ይህ በየትኛው ዘርፍ ይመዝገብ?» ሲል ልበ ቆጣሪው በድምፅ ማጉያው ጠየቀ።

ማይኩን ልትዘጋው ፈልጋ ነበር፤ ሁለቱም እጆቿ ግን ላይ ነበሩ።