ጋሽ ይርጋን ገደለ የተባለው ሣጥን

አርብ ቀትር ላይ ቆቦ ውስጥ አንድ ሰው ሞተ። ሬሳው ገና ሳይነሳ ገዳዩ ታወቀ ተባለ፤ ገዳዩም ሣጥን ነበር።

ሟቹ ጋሽ ይርጋ ነው። ከዋናው አስፋልት ዳር ባለው ጋራዡ ሠላሳ ዓመት መኪና ጠግኗል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ዕቃ መመዘኑ ነበር። ገበሬው የውሃ ፓምፕ ሊገዛ ሲያስብ፣ ባለ ባጃጁ አዲስ ባትሪ ሲያምረው መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይመጣል። ጋሽ ይርጋ አንኳኩቶ፣ አገላብጦ «ይሆናል» ካላለ ኪስ አይከፈትም። አሁን በሆዱ ተደፍቶ፣ ባለ ሰባት መሳቢያ ቀይ የመፍቻ ሣጥን ጀርባው ላይ ተጋድሞበታል። የሣጥኑ አራት ጎማዎች አየር ላይ ቀርተዋል፤ ዙሪያውን መዶሻ፣ ክሪክና የከባድ መኪና መፍቻ ተበትኗል።

ኢንስፔክተር ዘኪያ ከባጃጅ ወርዳ ስትገባ ሬሳውን ዞራ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሣጥኑን በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳችው። አባቷ ሮቢት ገበያ ላይ ከላሜራ ሣንዱቅ እየቀጠቀጠ ነው ያሳደጋት፤ የላሜራን ውፍረት በድምፁ ትለያለች።

«ነጋዴው ካሊድ ጣቢያ ነው ያለው» አለ ሳጅን ዘላለም። «‹ሰው የሚገድል ቆርቆሮ አምጥቶ ሸጠልን› ብለው ጎረምሶች ሱቁን ከበውታል። አዛዡ ማምሻውን ወደ ወልድያ ይላክ ብለዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ በዚህ ካለቀ ሱቁን አይተዉለትም፣ እሱንም አይምሩት።»

«ስንት ሰዓት አለን?»

«ቢበዛ ሁለት።»

«በል ያዝ፣ እናንሳው።»

ሁለቱ ሆነው ሣጥኑን አቆሙት። ዘላለም ወገቡን አጥብቆ ነበር የተዘጋጀው፤ ሣጥኑ ግን ያለ ብዙ ትግል ተነሳ። ዘኪያ ይህን ልብ አለች። የሟቹን ማጅራት አየች፤ ከኋላ ተሰርጉዷል። ወለሉን በጫማዋ ጫን ጫን አደረገች፤ ዘይት የጠገበ ልስልስ አፈር ነው። ቀጥላ የላይኞቹን ሦስት መሳቢያዎች አንድ በአንድ ስባ ውስጣቸውን በነጭ መሐረብ ጠረገች። መሐረቡ እንደነጣ ወጣ። የታችኛውን ስትጠርግ ግን ጥቁር ዱቄት ያዘ፤ የዚህኛው ወለልም ወደ ታች ጎብጧል።

ሣጥኑ ሳይወድቅ ወደ ግድግዳው ዞሮ የነበረውን ጎኑን ስታይ በጠመኔ የተጻፈ ነገር አገኘች። የጋሽ ይርጋ እጅ ጽሕፈት ነበር፤ «ለዋጋው ደኅና ነው። በአንድ መሳቢያ ከ10 ኪሎ በላይ አይጫን። ከባድ ከታች።»

የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አልማዝ የምሳ ዕቃውን እንደያዘች በሩ ላይ ተቀምጣለች። ባሏን ያገኘችው እሷ ናት።

«እት አልማዝ፣ እግዜር ያጥናዎት» አለች ዘኪያ አጠገቧ ተቀምጣ። «አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር የታሰረ ቁልፍ አየሁ። የዚህ ሣጥን ነው?»

«አዎ። ከገዛው ወዲህ አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው።»

«ቋጠሮውን ማን ቋጠረው?»

«እኔ ነኛ! ጣቱ ደንድኖ መቋጠር አይሆንለትም። ሣጥኑን ሲከፍት ይፈታዋል፣ ጠዋት ጠዋት እኔ እቋጥርለታለሁ።» የምሳ ዕቃውን መሬት አስቀመጠች። «ዛሬም ስቋጥርለት ‹አጠበቅሽው› ብሎኝ ስቀን ነበር። እንዲህ እጥፍ አድርጌ እንደምቋጥረው ነው ያለው፤ አልተነካም።»

ዘኪያ እጇን ያዘቻትና ትንሽ አብራት ቆየች። ጊዜ አልነበራትም፤ ቢሆንም ቆየች።

ራዊያ የጋራዡ መካኒክ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ስድስቱን ከጋሽ ይርጋ ጋር ሠርታለች። ዓይኗ አብጧል።

«ጠዋት ጮኸሽበታል አሉ» አለቻት ዘኪያ።

«ጮኼያለሁ፤ አልክድም። ባለፈው ወር የዋጃው ሚኒባስ ፍሬን አልይዝ ብሎ አራት ሰው ሲሞት አንዷ እህቴ ሂባ ነበረች። ትራፊክ ፖሊሶች የኋላውን ፍሬን እንዲፈትሽ ለጋሽ ይርጋ ሰጡት። ፈታው፣ አየው፣ እዚያ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ምን አገኘህ ስለው ‹ሰኞ አስረክባለሁ፣ ያኔ ትሰሚያለሽ› አለኝ። እህቴ ናት እኮ! ከዚያ ሮቢት መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ልሠራ ሄድኩ። የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት ሆኖ ቀረ።»

«መሳቢያው አሁን ባዶ ነው፤ ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው የቀረው» አለች ዘኪያ ቀስ ብላ።

ራዊያ ወደ ሣጥኑ ዞራ አየች።

ብርሃኑ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጋራዡ ትይዩ፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሃምሳን ያለፈ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን መርጋቱን አብዝቶታል።

«እኔ ነግሬው ነበር» አለ። «ይኼ ቆርቆሮ ነው አልኩት። እሱ ግን ልሞክረው ብሎ ከላይ ከላይ ብረት ሞላበት። መሳቢያዎቹን አንድ ላይ ሲስባቸው ተገለበጠበት።»

«ሲስብ አይተውታል ጋሽ ብርሃኑ?»

«ኧረ እኔ ሱቄ ውስጥ ጋደም ብዬ ነበር። ድምፁን ነው የሰማሁት፤ ብረቱ ከመሳቢያ ሲንኮታኮት።»

«ማጅራቱን ነው የተመታው። መሳቢያ የሚስብ ሰው ፊቱን አይደል ወደ ሣጥኑ የሚያዞር?»

«ሊሸሽ ዞሮ ይሆናላ!»

«ይሆናል» አለች ዘኪያ። ከብርሃኑ ጀርባ፣ ከሱቁ ጥግ፣ የዚያው ሣጥን መንትያ ቆሟል። «እርስዎም ገዝተዋል?»

«ተሞኝቼ» አለና ሳቅ ለማለት ሞከረ።

ጣቢያ ስትደርስ ካሊድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሸሚዙ ተቀዷል።

«ወላሂ ርካሽ ነው ብዬ ነው የሸጥኩት! ጋሽ ይርጋን እኔ ነኝ ና መዝንልኝ ያልኩት። ‹ለቀላል መፍቻ ይሆናል፣ ላሜራው ቀጭን ነው፣ ጎማው ፕላስቲክ ነው፣ ይህንኑ ንገራቸው› አለኝ፤ እየተናገርኩ ነው የሸጥኩት። ሲሞት እኔ ጁምዓ ሶላት ላይ ነበርኩ፣ ኢማሙ አይተውኛል።»

«አብሽር፣ ተረጋጋ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቁልፉስ?»

ካሊድ የተቀደደ ሸሚዙን መሰብሰብ ያዘ።

«ካሊድ፣ ሱቅህ ያሉትን ሣጥኖች ቁልፍ አስመጥቼ አይቻለሁ። ሁሉም ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ነው።»

«ሁሉንም አንድ ቁልፍ ይከፍታቸዋል» አለ በሹክሹክታ። «ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጋሽ ይርጋም። ብናገር ማን ይገዛኛል ብዬ።»

«ስንት ሸጥክ?»

«ሁለት ብቻ።»

ዘኪያ ሰዓቷን አየች። አርባ ደቂቃ ቀርቷታል። «ና» አለችው። «አንድ ሣጥን በጋሪ አስጭነን ጋራዡ እንሄዳለን። ሰው ያየ እንደሆነ ይይ።»

ሰው አየ። ካሊድን ከፖሊስ መሃል ሲያዩት ሱቁን የከበቡት ጎረምሶች እየጮኹ ተከተሉ፤ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ሞልቷል። ዘላለም በሩን ይዞ ቆመ። ውስጥ አልማዝ፣ ራዊያ፣ ብርሃኑና ካሊድ ዙሪያውን ቆሙ። ሬሳው ተነስቷል፤ ገዳይ የተባለው ቀይ ሣጥን ከነአቧራው ቆሟል፣ ከሱቅ የመጣው አዲሱ ደግሞ አጠገቡ።

«ራዊያ» አለች ዘኪያ፣ «መሬት ላይ የተበተነውን ብረት በሙሉ አዲሱ ሣጥን ላይ፣ የላይኞቹ ሦስት መሳቢያዎች ውስጥ ጫኚ። ከዚያ ሦስቱንም አንድ ላይ ሳቢያቸው። ዘላለም፣ ከፊት ሁነህ ደግፍ።»

ራዊያ ጫነችና ሳበች። ሣጥኑ ተንገዳገደ፣ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ፣ ዘላለም በሁለት እጁ ባይደግፈው ኖሮ ይወድቅ ነበር።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ ከበሩ አንድ ጎረምሳ። «ይኸው ገዳዩ!» ደጃፉ ታመሰ። ካሊድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ብርሃኑ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ቆዩ» አለች ዘኪያ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ራዊያ፣ ብረቱን አውጪና የመሳቢያዎቹን ወለል ለሰዎቹ አሳዪ።»

የሦስቱም ወለል እንደ ሰፌድ ጎድጉዷል፤ የብረቶቹ ግራሶ ተለቅልቆበታል፣ ቀለሙም ተፍቋል።

«አሁን የጋሽ ይርጋን።»

ራዊያ የቀዩን ሣጥን ሦስት መሳቢያዎች ሳበች። ወለላቸው ቀጥ ያለ ነው። ግራሶም ጭረትም የለባቸው። ደጃፉ ላይ ያሉት አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይህ ሣጥን ርካሽ ነው» አለች ዘኪያ። «ርካሽ በመሆኑም መዋሸት አይችልም። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ የተጫነበትን ሁሉ ይዞት ይቀራል። እነዚህ መሳቢያዎች ብረት ተጭኖባቸው አያውቅም። ብረቱ የተበተነው ሣጥኑ ከወደቀ በኋላ፣ በሰው እጅ ነው። ባዶውን ሣጥን ደግሞ እኔና ዘላለም ያለ ብዙ ድካም አንስተነዋል፤ እንደ ጋሽ ይርጋ ያለውን ሰው ማጅራት እንዲያ አይሰረጉድም፣ ወለሉም ልስልስ አፈር ነው። ጋሽ ይርጋ በሰው ተመትቶ ሞተ፣ ሣጥኑ በላዩ ተጋደመበት።»

አልማዝ «ወይኔ!» አለችና ግድግዳውን ያዘች።

«ጋሽ ይርጋ ራሱ ከባድ ከታች ብሎ ጽፏል» ቀጠለች ዘኪያ። «ጽሑፉ ግን በግድግዳው በኩል ስለነበር ገዳዩ አላየውም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ከተማው ሁሉ ሣጥኑን ቆርቆሮ ሲል ሰማና በዚያው ገባ።»

«እንዲያ ከሆነማ» አለ ብርሃኑ ፈጠን ብሎ፣ «ጠዋት ስትጮህበት የነበረችውን ጠይቋት!»

ራዊያ ወደ ፊት ተራመደች፤ ዘኪያ በእጇ አስቆመቻት።

«ሣጥኑ የተቆለፈ ነበር። ጋሽ ይርጋ ዛሬ አልከፈተውም፤ ቁልፉ ዛሬ ጠዋት እት አልማዝ እንደቋጠሩት አንገቱ ላይ ነው። መቆለፊያው አልተሰበረም። ስለዚህ የከፈተው ሌላ ቁልፍ ነው። ራዊያ ቁልፍ የላትም። ካሊድ አለው፤ ግን ጁምዓ ላይ ነበር፣ ደግሞስ የትኛው ነጋዴ ነው ሰው ገድሎ ‹የኔ ዕቃ ነው የገደለው› የሚያሰኝ? ካሊድ፣ ሁለተኛውን ሣጥን ለማን ሸጥክ?»

ካሊድ በእጁ ጠቆመ። «ለጋሽ ብርሃኑ።»

«ጋሽ ብርሃኑ፣ ቁልፍዎ ላይ ያለውን ቁጥር ጋሽ ይርጋ አንገት ላይ በየቀኑ ያዩት ነበር። ደግሞ ልጠይቅዎ፤ ሣጥን ውስጥ ያልነበረ ብረት ከመሳቢያ ሲንኮታኮት እንዴት ሰሙት?»

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው። እኔ ከይርጋ ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

«እሱን ሣጥንዎ ይነግረናል። ይክፈቱት።»

ብርሃኑ አልተንቀሳቀሰም። ዘላለም ግቢውን ተሻግሮ የብርሃኑን ሣጥን እየገፋ አመጣው፤ በግራ በኩል ያሉት ጎማዎች ተወላግደዋል። ካሊድ በራሱ ቁልፍ ከፈተው። ስድስቱ መሳቢያዎች ተሳቡ፤ ሰባተኛው፣ የታችኛው፣ እምቢ አለ።

«አይከፈትም» አለች ዘኪያ። «ገዳዩ ደጋግሞ ሳይሞክር አልቀረም። ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ጎበጠና ተቀረቀረ። እት አልማዝ ምሳ ይዘው ሲደርሱ ጊዜ አጣ፤ ከዚያ ወዲህ ግቢው ከሰው አልጸዳም።»

ራዊያ ማንም ሳያዛት ረጅም ብረት አነሳች። ጫፉን ከመሳቢያው አፍ አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ላሜራው ጮኸ፣ ተቀደደ፣ ሁለት ክብ የፍሬን ብረቶች ጎማውን ይዞ ከሚያቆመው ሸራቸው ጋር ተንከባለሉ። የአንዱ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደምና ሽበት ነበር።

ራዊያ ሸራውን አንስታ በጥፍሯ ፋቀችው። አዲስ የመሰለው ቀለም ተላጠ፤ ከሥሩ ያለቀ፣ የተሰነጠቀ አሮጌ ሸራ ወጣ።

«አዲስ ብለህ ለሚኒባሱ ሸጥክ» አለችው ለብርሃኑ። አልጮኸችም። «ለቅሶ ቤት መጥተህ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«ተወው ብዬ ለመንኩት» አለ ብርሃኑ። «ሰኞ እናገራለሁ አለኝ። ወደ ሥራው ዞር ሲል በራሴ ቁልፍ ከፍቼ አንዱን ብረት አነሳሁና...» አልጨረሰውም፤ ዘላለም እጁን ያዘው።

ደጃፉ ላይ የነበሩት ጎረምሶች መንገድ ለቀቁ። ገዳይ ሲያልፍ የሚሰደብ ስድብ ሁሉ ተሰደበ፤ ካሊድን ግን ይቅርታ ያለው አንድም አልነበረም። ሰው እንዲህ ነው።

ዘኪያ ማስታወሻዋን አጥፋ ስትወጣ ካሊድን ቀዩ ሣጥን አጠገብ ተንበርክኮ አገኘችው። ከመሬት የጠመኔ ስባሪ አንስቷል። አልማዝ ከበላዩ ቆማ ታየዋለች።

«የሱን ጽሑፍ እንዳታጠፋብኝ» አለችው።

«አላጠፋም እትዬ» አለ ካሊድ። ከጋሽ ይርጋ መስመር ሥር በጉልህ ጻፈ፤ «ቁልፉ ከሌሎቹ ሣጥኖች ጋር አንድ ነው።» ከዚያ ወደ አዲሱ ሣጥን ዞሮ በዚያም ላይ ያንኑ ጻፈ፤ ሱቁ ውስጥ ገና ስምንት ይቀሩታል።