ሙታን መዳፍ ያሳረፉበት ቀን

እታለማሁ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሳችና የሟች ባሏን እጅ ወተት አጠጣችው።

ወተቱ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ፣ ውኃ የበዛበት፣ ጨው ጨው የሚሸት ነው። ሳህን ላይ ታፈስና ጓንቱን ታጋድምበታለች፤ እሱም ቀስ እያለ ይመጥጠውና ሞቅ ይላል። «ህያው ጓንት» ይሉታል። በሻላ ሐይቅ ላይ በምሰሶ በቆመችው ባለ ዘጠኝ ደርብ ከተማ፣ በሶዳ ፋብሪካ ሠርቶ ያረጀ ሰው ሁሉ አንድ አለው። ከሐይቁ የሚዛቀው የሶዳ ጨው መዳፍ ይበላል፤ አሻራውም የደም ሥሩ መስመርም ይጠፋል። መዳፉ ያልተነበበ ሰው ደግሞ በዚያች ከተማ በር አይከፈትለትም፣ ዳቦ አይሸጥለትም። ስለዚህ የፋብሪካው ባለቤት ኩባንያ ከሠራተኛው ክንድ ትንሽ ሥጋ ቆርሶ፣ ከራሱ ሥጋ ጓንት ያበቅልለታል። ባሏ አበጋዝ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ጓንቱን ግን ማን አንጀቱ ችሎ ይጥላል? እጅ እኮ ነው። ብርድ ሲሆን ይዛው ትተኛለች።

እድሩም ቢሆን የአበጋዝን ስም አልፋቀም። አባልነቱ በአባወራው ስም ነው፤ አባወራው ሲሞት ሚስቱ በስሙ ትቀጥላለች። «አበጋዝ!» ተብሎ ሲጠራ «አለ!» የምትለው እሷ ናት። ትናንት በምርጫው ቀንም የራሷን መዳፍ ካሳረፈች በኋላ የሱ ስም በመራጮች መዝገብ እዚያው ከሷ ሥር ተጽፎ አየች። ጓንቱን ከቦርሳዋ አወጣችና «ይውረድ» በሚለው የመዳፍ ሰሌዳ ላይ አሳረፈችለት። ማጭበርበር ነው ብላ አላሰበችም። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሶዳ ሲዝቅ ኖሮ፣ ዛሬ እንዴት ይቅርበት?

ጥያቄው አንድ ነበር፤ ከተማዋንም የሚያስተዳድረው ይኸው ኩባንያ ይቀጥል ወይስ ይውረድ? ካቻምና ኩባንያው እድሮቹ ለቀብር ያጠራቀሙትን ገንዘብ «አሳድግላችኋለሁ» ብሎ ወስዶ፣ አለቆቹ በባሕር ማዶ ቤት ገዙበት። በዚያ ክረምት ሰው በጆንያ ተቀበረ። ስለዚህ ውጤቱን የተጠራጠረ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ውጤቱ በየቤቱ ማያ ላይ ወጣ። ይቀጥል፣ ሠላሳ ስምንት ሺህ። ይውረድ፣ ሠላሳ አንድ ሺህ።

ሰዉ ገና አፉን እንደከፈተ፣ አንዱ ከቆጠራ ቤት ያሾለከው ጽሑፍ እዚያው ማያ ላይ ተለጠፈ። መዳፍ ካሳረፉት ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ የሚሆኑት ሙታን ናቸው ይላል።

እታለማሁ መጀመሪያ ያሰበችው ስለራሷ ነበር። ቀጥሎ ግን ረድኤት ትዝ አለቻት። አንድ ልጇ ረድኤት፣ የቆጠራው ኃላፊ፣ አሁን ሰባተኛው ደርብ ላይ እዚያው ቆጠራ ቤቱ ውስጥ ናት።

የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነው። ያን ቀን ግን ማንም «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም። አካፋና ፌሮ የያዘው ሁሉ ወደ ደረጃው ወጣ። እታለማሁ የሥራ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለች። የመዳፍ ሰሌዳዎቹን በየሳምንቱ የምታጸዳው እሷ ስለሆነች የቆጠራ ቤቱን የጓሮ በር ታውቀዋለች። ብቻ ቀድማ ትድረስ እንጂ! «እመቤቴ፣ ቁርሷን እንኳ ሳትበላ ነው የወጣችው» ትላለች ለብቻዋ፣ ቁርስ ከሞት የሚያድን ይመስል።

«አባቴን ከመቃብር አንስተው አሰለፉት!» ይላል ከፊቷ ያለው ሰውዬ።

«አባትህማ በሕይወቱም ተሰልፎ አያውቅም፤ ሰልፍ ጥሶ ነበር የሚገባው» ሲል ሌላው መለሰለት። ሳቁ። ያ ሳቅ ከጩኸቱ ይልቅ እታለማሁን አስፈራት።

አምስተኛው ደርብ ላይ ተርቦቹ ወረዱ። ጡጫ የሚያህሉ የኩባንያው በራሪ ዘቦች ናቸው፤ የነደፉት ሰው ጡንቻው ተኮማትሮ እንደ ግንድ ይወድቃል። ቀልዱን የተናገረው ሰውዬ አንገቱ ላይ ተነደፈና በጀርባው ደረጃውን ተንከባለለ፤ ከታች ሲደርስ አንገቱ ወደ ማይሆን ጎን ዞሮ ነበር። ሰዉ ግን አልተመለሰም። ተርቦቹን በአካፋ ከአየር ላይ እያወረደ በእግሩ ጨፈለቃቸው። አንዲት ሴት ተርብ በባዶ እጇ ጨብጣ ከግድግዳ ጋር ስታጋጨው፣ መዳፏ ሲጨስ እታለማሁ አየች። ሴትየዋ አልለቀቀችውም።

ሰባተኛው ደርብ ሲደርሱ የቆጠራ ቤቱ በር ከውስጥ ተከፈተና አንድ ወጣት ብቻውን ወጣ። ኢዮስያስ ነው፣ ከረድኤት ጋር የሚሠራው ኢንጂነር። ሁለት እጁን አንስቷል፤ በአንዱ ወረቀት ይዟል።

«ስሙኝ! ሙታኑ የመረጡት...»

ንግግሩን አልጨረሰም። ድንጋይ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋና አሁንም ወረቀቱን ከፍ አደረገ። ከፊት የነበሩት ያዙት፤ በፌሮ ጉልበቱን መቱት፤ ሲወድቅ እጅና እግሩን ተከፋፍለው አነሱት። እታለማሁ «ተዉ! የሰው ልጅ ነው! ተዉ!» ብላ ጮኸች፤ ድምፅዋን ራሷም አልሰማችው። በደርቡ ጠርዝ አጥር ላይ አሻግረው ወረወሩት። ሰባት ደርብ ቁልቁል። ሐይቁ ነጭ ነበር፤ የወደቀበት ብቻ ለአንድ አፍታ ቀይ ሆኖ ተመልሶ ነጣ።

ከዚያ አንዱ «ኃላፊዋ ሴትዮስ?» አለ።

እታለማሁ በጓሮ በር ገባች።

ረድኤት ከቆጠራ ማሽኑ ሥር ቁጭ ብላለች። ፊቷ እንደ ሶዳ ነጥቷል።

«እማዬ! ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ተነሺ። በጓሮ እንውጣ። ነጠላዬን ተከናነቢ።»

«ኢዮስያስ ነገራቸው?»

ረድኤት የእናቷን ፊት አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ነበርኩ ኃላፊዋ። ፈራሁ። እሱ ‹ስም አንጠራም፣ ነገሩን ብቻ እንንገራቸው› አለኝና ወጣ።»

«ምኑን ነገር?»

«ሙታኑ ‹ይውረድ› ነው ያሉት፣ እማዬ። አሥራ አንድ ሺውም። ሰሌዳው መዳፉ ሞቆ የደም ምት ካጣበት ‹ያመነታ ሰው ነው› ብሎ ይይዘዋል። በኩባንያው ውል ላይ ደግሞ ያመነታ ሁሉ ‹ይቀጥል› ላይ ይደመራል ይላል። በደቃቅ ፊደል፣ መቶ ሁለተኛው ገጽ ላይ። የመራጮቹንም መዝገብ አዲስ አላዘጋጁም፤ የተመደበለትን ገንዘብ በልተው የእድሮቹን መዝገብ እንዳለ ገለበጡት። ከነሟቹ።»

እታለማሁ የማሽኑን ክዳን ተደግፋ ቆመች። የአበጋዝ መዳፍ፣ በገዛ እጇ ያሳረፈችው መዳፍ፣ ኩባንያውን አስቀጥሏል።

«የአባትሽን ጓንት...» አለች።

«አውቃለሁ። ስሙን አይቻለሁ» አለች ረድኤት። «እንዳይታወቅብሽ ነው የፈራሁት።»

የፊተኛው በር ሲሰበር ተሰማ። ጊዜ አልነበረም። እታለማሁ ልጇን ከማሽኑ ጀርባ ገፍትራ ከፊቷ ቆመች። መጀመሪያ የገባው ጋሽ ሸዋንግዛው ነው፣ የእድሩ ዳኛ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ድንኳን ሲተከል እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ያን ቀን ሸሚዙ ደም በደም ነበር፤ በእጁ ፌሮ ይዟል።

«ዞር በይ፣ እታለማሁ።»

«ልጄ ናት።»

«ልጅሽ ሙታናችንን ሸጠች! በጆንያ የቀበርናቸውን መልሳ ሸጠቻቸው!»

«ዞር በይ፣ እማማ፣ አንቺን አንነካም!» አለ ከኋላው ያለ ሰው፤ ወዲያው ግን አንድ አካፋ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። አልወደቀችም። የእናት ነገር፣ የሚያቆማትን አታውቀውም።

«ጋሽ ሸዋንግዛው» አለች እያቃሰተች፣ «የሟች ባለቤትዎ የእትዬ ጽጌማርያም ጓንት የት ነው ያለው?»

ሰውየው ፌሮውን እንዳነሳ ቀረ።

«ምን አገባሽ?»

«ትናንት ከኋላዎ ተሰልፌ ነበር። ከኮትዎ ኪስ ሲያወጡት አይቻለሁ። ‹ይውረድ› ላይ አሳረፉላት። እኔም የአበጋዝን አሳርፌለታለሁ። ደግ አደረግን ብዬ ነው የሄድኩት።»

ፌሮው ቀስ ብሎ ወረደ። እታለማሁ ጤነኛ ክንዷን አነሳች።

«ሟች ይዞ የመጣ እንዲህ እጁን ያንሳ። ልጄን መግደላችሁ ካልቀረ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ግደሏት።»

ረድኤት ከማሽኑ ጀርባ ወጣች። ለኢዮስያስ ያልሰጡትን ጊዜ ለሷ ሰጧት። የደም ምቱን ነገር፣ የውሉን ገጽ፣ የተገለበጠውን መዝገብ አንድ በአንድ ተናገረች። «ሙታኑ ባይቀላቀሉ ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ኩባንያው በአራት ሺህ ይሸነፍ ነበር።»

ከበሩ አጠገብ አንዲት አሮጊት እጇን አነሳች፣ የባሏን ነው። ቀጥሎ የኢዮስያስን እግር ይዞ የነበረው ጎልማሳ አነሳ፣ የእናቱን ነው። ከዚያ ከኮሪደሩ፣ ከደረጃው ላይ፣ እስከ ታችኛው ደርብ ድረስ እጅ በእጅ ላይ ተነሳ፤ ገሚሱ ደም የነካው፣ ገሚሱ በተርብ የተቃጠለ። ኩባንያው ሌባ ነው፤ ያንን ማንም አልረሳውም። ነገር ግን የሌባው መሰላል እነሱ ነበሩ፤ ሙታናቸውን አንጀታቸው ስላልቻለ ያላሰናበቱ እነሱ። ማሽኑ ከጓንቱ ውስጥ ሞት አነበበና ማመንታት ብሎ ጻፈው። እነሱ ደግሞ እጁን አንስቶ የወጣውን ሕያው ሰው አላነበቡትም።

«ያ ልጅ» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ «ሊነግረን ነበር የወጣው?»

«አዎ።»

«የማን ልጅ ነው?»

ተያዩ። የሚያውቀው አልነበረም።

«ኢዮስያስ መርዕድ» አለች ረድኤት። «ሦስተኛው ደርብ ላይ ናት እናቱ። እትዬ ዘውድነሽ። የእድራችሁ አባል ናት።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ፌሮውን መሬት ላይ አስቀመጠው። አልጣለውም፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ጎንበስ ብሎ አስቀመጠው።

«መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር» አለ አንዱ።

«እስከ ነገ ብንቆይ ከማንም አፍ ትሰማዋለች» አለ ዳኛው። «ማን ይሄዳል?»

አሁን አንድ እጅ አልተነሳም። ያ ሁሉ ሕዝብ ጫማውን ተመለከተ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ረድኤት።

እታለማሁ በተሰበረ ክንዷ ልትይዛት ሞከረች። ሕመሙ ዓይኗን አጨለመው። «አትሄጂም! መሀላቸው ገብተሽ? ለምን ብለሽ? ሌላ ሰው ይሂድ! አንቺን ይዤ ወደ ቤቴ ነው የምሄደው!»

«እማዬ፣ በኔ ፈንታ ነው የወጣው።»

እታለማሁ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ፣ በመርዶ ቤት እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ ፊት አዙራ ለልጇ አለበሰቻት፤ የተሰበረ ክንዷን በሌላው ደግፋ ከልጇ ጎን ወረደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያዘው ከኋላ ተከተለ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከፊት ነበር። በየደርቡ ሬሳና የተጨፈለቀ ተርብ እያለፉ ሲወርዱ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው።

እትዬ ዘውድነሽ ከበራፏ ላይ በርጩማ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ማያዋ ከተበላሸ ሳምንት ሆኖታል፤ ልጇ «እሁድ እሠራልሻለሁ» ብሏት ነበር። ጩኸቱን ከቤት ሆና ሰምታ የምርጫው ግርግር ነው ብላለች። ደረጃው በሰው ሞልቶ ስታይ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አንስታ ብድግ አለችና ፈገግ አለች።

«ተቆጠረ እንዴ? ማን አሸነፈ?»

ረድኤት ቀረብ ብላ ሰፌዱን ከእጇ ተቀበለቻት።

«ቁጭ በይ፣ ዘውድነሽ» አለ የእድሩ ዳኛ።

ሴትየዋ አልተቀመጠችም። ከፊተኛው ጀምራ እስከ ደረጃው ራስ ድረስ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታይ ጀመር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ልጇን እየፈለገች ነበር።