ለመክሰር የሚበቃ ዕቃ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ የድስት ክዳን፣ ድስቱን ለብቻው ጥሎ፣ የጎረቤት አጥር ተሻግሮ ጥገኝነት መጠየቁን የምናስታውቀው በታላቅ አክብሮት ነው። በክዳኑ ላይ ጉዳት አልደረሰም። እጀታው ቀድሞም የላላ ነበር።

ሞሲዲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ክዳን ነው። ጓደኛዋ ፑሌ እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ለጥፎት በአጥሩ ቀዳዳ ሊሾልክ ጎንበስ ብሏል።

«ፑሌ፣ እሱ የእኛ ክዳን አይደለም?»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አላት ዞር ሳይል። «የእናንተ ነበር። አሁን የእኛ ነው። አስፈጻሚው መጥቶ እስኪሄድ ማለቴ ነው።»

«የምን አስፈጻሚ?»

«ራስሽ አይደለሽ እንዴ የነገርሽኝ? ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ሰው መጥቶ ዕቃችንን ሊጽፍ ነው አላልሽም? እኔ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴን ደግሞ ታውቂያታለሽ።»

ሞሲዲ አሳምራ ታውቃታለች። ማ ፑሌ ሰማች ማለት መንገዱ ሁሉ ሰማ ማለት ነው። መንገዱ ከሰማ ደግሞ የሚያደርገውን ያውቃል። በኪምበርሊ ከተማ ዳር ባለችው በጋሌሼዌ ሰፈር የፍርድ ቤት አስፈጻሚ የአንዱን ቤት ዕቃ በዕዳ ሊወስድ መሆኑ ከተሰማ፣ ዕቃው አስቀድሞ ዘመድ ጥየቃ ይወጣል። ሶፋው ወደ ግራ ጎረቤት፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ቀኝ፣ አልጋው ወደ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ። አስፈጻሚው ሲደርስ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያገኛል፤ «ይህም ወንበር የእኔ አይደለም ልጄ» ይሉታል። እንዲህ ማድረግ በሰፈሩ ዘንድ እንደ ወንጀል አይቆጠርም። ለቅሶ እንደመድረስ ያለ ወግ ነው።

ሞሲዲ ቤት ገባች። ሳሎኑ ባዶ ነው። ጓዳው ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ብታስል ሳሏ ግድግዳ ለግድግዳ ዞሮ ወደ እሷው ተመለሰ። ያደገችበት ቤት እንዲህ ሰፊ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ራ ሞሲዲ ሕልመኛ ሰው ነው። በድርቁ ዓመት፣ ከውኃ ይልቅ ጸሎት በሚበዛበት ወር፣ ተበድሮ የመኪና ማጠቢያ ከፈተ። ማጠቢያው ደረቀ፤ ትዳሩም ተከትሎት ደረቀ። ፍርድ ቤቱ ሲያፋታቸው ቁምሳጥኑንና ሶፋውን ለእናት፣ አሮጌዋን መኪና ለአባት አደረገ፤ ማንኪያው ሳይቀር ተካፈለ። ሳይካፈሉ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ዕዳው ነው፤ በሁለቱም ስም ስለነበረ አበዳሪዎቹ ያገኙትን ይይዛሉ። አባቷ ሩስተንበርግ የሚባል ሩቅ ከተማ ሄዶ ስልኩን ስላጠፋ፣ ስልኳ የሚሠራውን ያዙ። ሌላው የሞሲዲ ስም ነው፤ በሰፈሩ እናት «ማ»፣ አባት «ራ» ተብሎ በልጁ ስም ይጠራል። ሰዉ እናቷን ዛሬም ማ ሞሲዲ ይላታል፤ አባቷንም፣ የሚያነሣው ሲገኝ፣ ራ ሞሲዲ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እናቷ መንገድ ላይ ቆም አለች። «ፍርድ ቤቱ ከስራለች ብሎ እንዲያውጅልኝ ልጠይቅ ነው» አለቻት። «ገማች መጥቶ ያለንን ይጽፋል። ይሸጥና ለአበዳሪዎቹ ይከፋፈላል፣ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል። ዕቃችን ረብ ያለው ካልሆነ ግን ዳኛው አይቀበለኝም። አበዳሪዎቹም የሚደርሳቸው ነገር መኖር አለበት ነው የሚሉት።»

ሞሲዲ አሰበችበት። «ቆይ፣ ለመክሰር ሀብታም መሆን አለብሽ ማለት ነው?»

«ትንሽ» አለች እናቷ። «ትንሽ ሀብታም።»

በዚህ ሳቁ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ እስኪሉ፣ መዝሙር መጽሐፋቸው አፈር ላይ እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። ከዚያ እናቷ ዓይኗን ጠረገች። «ሕጉ ስለሆነ ስሜ በጋዜጣ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ሰዉን ትንሽ ቀን እንደ ድሮዬ ሰላም ልበል።»

ሞሲዲ ቃል ገባች። ማክሰኞ ዕለት ፑሌ «ምን ሆነሻል?» እያለ ሲጨቀጭቃት ታዲያ ግማሹን ብቻ ነገረችው። የምስጢር ግማሽ ምስጢር አይደለም ብላ ነበር። ይኸው ያ ግማሽ ምስጢር ሶፋ ተሸክሞ ሄደ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችው ፑሌን፣ መጋረጃውን ሊያወርድ ሲገባ።

«ስምንት ተኩል» አለ ፑሌ። «አይዞሽ፣ መጋረጃ ብቻ ነው የቀረው።»

ገማቹ እናቷን ከሥራ ቦታዋ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ወስዶ አብረው ይመጣሉ። ባዶ ቤት ካገኘ ባዶ ብሎ ይጽፋል፤ ዳኛውም እናቷን ከነዕዳዋ ያሰናብታታል። ዕቃው እንዲመለስ ደግሞ ምክንያቱ መነገር አለበት፤ ምክንያቱ የእናቷ ምስጢር ነው። ሞሲዲ ቦርሳዋን ባዶው ወለል ላይ ጥላ ወጣች።

ማ ፑሌ ግቢዋ ውስጥ፣ በሰው ዕቃ ተራራ መካከል፣ በጭልፋ ትዕዛዝ ትሰጣለች። የተጠበሰ ሊጥ ሸጣ ልጆች ያሳደገች ግዙፍ ሴት ናት። ጡረታ የወጡት የማዕድን ሠራተኛ ራ ታው ከሁለት ጎረምሶች ጋር ቁምሳጥኑን ይዘው ያለከልካሉ።

«ማ ፑሌ» አለች ሞሲዲ፣ «ዕቃው ይመለስልን።»

ራ ታው ቁምሳጥኑን ዝቅ አደረጉ። «ምን አለች?»

«ፀሐይ መትቷታል» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አልመታኝም። ሁሉም ይመለስ፣ እባካችሁ። ከዘጠኝ በፊት።»

«ስሚ ልጄ» አለች ማ ፑሌ፣ «ይህን ቁምሳጥን አጥር ያሻገርነው ወገባችንን ገብረን ነው። ሰውዬው መጥቶ ባዶ ቤት ካላገኘ ምን ሊያገኝልሽ ነው?»

«የሚመጣው ሰውዬ እኮ...» ሞሲዲ አቋረጠች።

«አባትሽ ደውሎ ነው?» አለች አንዲት ሴት ከምጣዱ ወዲያ። «ድርሻዬን አውጪልኝ ብሎሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምክንያቱን ንገሪና እንወቀው። ሶፋ እኮ ነው የተሸከምነው፣ ላባ አይደለም።»

ሁሉም ያያታል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢወጣ ያበቃል። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ አይስቁባትም። ከነገ ጀምሮ ግን እናቷን ሰላም ሲሏት አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። እናቷ የጠየቀችው ከዚያች ዘንበል የምትድንበትን ጥቂት ቀን ነበር።

«ቃል ገብቻለሁ» አለች ሞሲዲ። «ዕቃው ቤት ውስጥ ቢገኝ ለእናቴ ይሻላል። የምችለው ይህን ያህል ነው።»

ማ ፑሌ ጭልፋዋን ዝቅ አደረገች። ሊጥ ስትጠብስ ሬዲዮ የማይለያት ሴት ናት፤ የቀብር ማስታወቂያውንም ስለ ዕዳና ስለ መክሰር የሚሰጠውን የሕግ ምክርም እኩል ታዳምጣለች። ቀረብ አለችና በሞሲዲ ጆሮ ብቻ «ቤቱ መሙላት አለበት?» አለቻት።

«በሞላ ቁጥር ይሻላል» አለች ሞሲዲ፣ ሳታስብበት።

ማ ፑሌ ቀና አለች። «አንሡ» አለች ለሰዉ። «ልጅቷን የሚጠይቅ የለም። አንሡ።»

አነሡ። እያጉረመረሙ፣ እየተሳደቡ፣ ራ ታው ቁምሳጥኑን ከነዘር ማንዘሩ እየረገሙ፣ ግን አነሡ። ሶፋው በአራት ትከሻ እንደ ባላባት ተንሳፎ አጥሩን ተሻገረ። ፍራሹ ብቻውን የሚሄድ መሰለ፤ ከሥሩ የሁለት ሕፃናት እግር ይታያል። አንዷ ሴት መጋረጃውን ስትሰቅል ሌላዋ ወለሉን ከኋላዋ ትወለውላለች። ማንም ዳግመኛ ለምን አላለም። በታሪክ ክፍል አስተማሪዋ የኪምበርሊን ታላቁን የአልማዝ ጉድጓድ ሰዎች በአካፋና በዶማ ቆፈሩት ሲሉ ሞሲዲ አይዋጥላትም ነበር። እንዴት ተብሎ፣ በሰው እጅ? አሁን በራፏ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ አመነች። ሰው እንዲህ ነው ለካ። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይነገረው ቤት ሊያክል ነገር ያነሣል።

ገማቹ ሚስተር ፍሬድሪክስ ከእናቷ ጋር ሲደርሱ የመጨረሻው ሰው በጓሮ እየወጣ ነበር። ሚስተር ፍሬድሪክስ ቀጭን፣ ትሑት ሽማግሌ ናቸው፤ ሲገቡ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሶፋውን ዳበሱ፣ የቁምሳጥኑን በር ከፍተው ዘጉ፣ ጻፉ። እናቷ የሞሲዲን ላብ፣ ከዚያም የተገለበጠውን ምንጣፍ አየች።

«እውነቱን ልንገርዎት ማ ሞሲዲ» አሉ ሚስተር ፍሬድሪክስ ከሳሎኑ ሲወጡ፣ «እስካሁን ትንሽ ያንሳል። ወጥ ቤቱን እንይ።»

እናቷ የወጥ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ቀጥ አለች።

የእነሱ ማቀዝቀዣ በሩ በላስቲክ የሚታሰር፣ ማታ ማታ የሚያቃስት ሽማግሌ ነው። እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ባለ ሁለት በር፣ ብርማ፣ ሲነኩት በረዶ የሚተፋ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ሞሲዲ አወቀችው፤ የማያውቀውም የለም። ማ ፑሌ ስንት ዓመት ሊጥ ጠብሳ የገዛችው ነው። እጀታዎቹን በዳንቴል አልብሳ፣ እጁን ያልታጠበ እንዳይነካው ከልክላ፣ ገና በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን አጠገቡ አሰልፋ ፎቶ ታስነሣለች። አሁን ዳንቴሉ የለም። እጀታዎቹ ራቁታቸውን ናቸው።

«ኦ» አሉ ሚስተር ፍሬድሪክስ፣ ባርኔጣቸውን ደግመው ሊያወልቁ ምንም አልቀራቸውም። «ይሄ ከገባማ ይሞላል። ዳኛውም አይከራከሩም። የእርስዎ ነው አይደል? መጨረሻ ላይ የተጻፈው ሁሉ የራሴ ነው ብለው ይምላሉ።»

ባለሱቁ ሳንቲም አብልጦ ቢመልስላት ግማሽ መንገድ ተመልሳ የምትሰጥ ሴት፣ ይህችው እናቷ፣ ያን ብርማ በር እያየች ዝም አለች። ስልኩ፣ ደብዳቤው፣ በር የሚያንኳኳው ሁሉ ሊያበቃ የቀረው አንድ አዎ ነው።

የጓሮ በሩ ላይ ማ ፑሌ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ሰማዩን እያየች ነው፤ ሰማዩ ላይ ግን ምንም የለም። ማቀዝቀዣው እንደሚሸጥ ታውቃለች። አንድ ሰው የዕድሜውን ላብ አንሥቶ፣ ሳይለመን፣ በሰው ቤት አስቀምጦ፣ ሰማይ እያየ ይቆማል። ሰው ይህን ያህል ሊተልቅ እንደሚችል ማንም ነግሯት አያውቅም። በሕይወቷ ካየችው ነገር ሁሉ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

ሚስተር ፍሬድሪክስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«የእኛ አይደለም» አለች ሞሲዲ።

እናቷ ወደ እሷ ዞረች።

«የእኛው ማቀዝቀዣ ማ ፑሌ ቤት ነው። በሩ በላስቲክ የታሰረው። እሱን ይጻፉት።»

«ይቺ ልጅ» አለች ማ ፑሌ ከበሩ፣ ለሰማዩ፣ «አፍ ብቻ ሆና ነው የተፈጠረችው።»

ሚስተር ፍሬድሪክስ ሦስቱን እያፈራረቁ አዩ። «እንግዲህ ያለሱ ጠባብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዳኛው እሺ ላይሉ ይችላሉ። ይህንንም ማወቅ አለብዎት።»

እናቷ እጇን ሞሲዲ ጫንቃ ላይ አሳረፈች። «ጠባብ ይሁን» አለች። «ያለንን ይጻፉ።»

ሚስተር ፍሬድሪክስ ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወደ ሞሲዲ ጎንበስ አሉ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አሉ። «የጎረቤት ማቀዝቀዣ እናንተ ወጥ ቤት ምን ይሠራል?»

በመስኮቱ ራ ታው ይታያሉ፤ ወገባቸውን ማሸት አቁመዋል። አጠገባቸው ፑሌ አንገቱን አስግጓል። የማ ፑሌ ዓይን ከሰማዩ ወረደ።

«አልነግርዎትም» አለች ሞሲዲ። «ግማሹንም እንኳ።»