ወንድሙን ሊያወርድ የወጣው ደም መርማሪ

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በቆመበት ስፍራ፣ በቅሎዋ አራት እግሯን ተክላ አልንቀሳቀስም አለች። ደም መርማሪው ከኋላ ሊገፋት እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን ከዳሌዋ አንድ ክንድ ርቆ ባዶ አየር ገፋ፣ ባለ እጁም በግንባሩ ተደፋ።

«ተነስ፣ ዶክተር» አለችው የበቅሎዋ ባለቤት፣ ልጓሙን ሳትለቅ።

ዶክተር አለመሆኑን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሯታል። በታችኛው ከተማ፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደም በብልቃጥ እየተቀበለ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። እሷ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለእኔ ዶክተር ነው ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። ዕድሜዋ ከእሱ እምብዛም አይበልጥም፤ አንደበቷ ግን ይበልጣል፣ ስለዚህ እትዬ ይላታል።

ወደዚህ ተራራ ያወጣው አንድ ብልቃጥ ነው። በተራራው ጫፍ ካለው የማዕድን ጉድጓድ በዓመት አንድ ጊዜ የሠራተኞች ደም ወደ ምድር ቤቱ ይላካል። ዘንድሮ ከመጡት መካከል፣ አብሮ ከተላከው የስም ዝርዝር እንዳየው፣ የታላቅ ወንድሙ ደም ነበረበት፤ ወንድሙ በዚያ ጉድጓድ አለት ሲሰረስር አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ደም በመዘውር ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይረጋል፣ ቢጫው ውሃ ከላይ ይቀራል። የጤናማ ሰው ቀዩ ከመቶ እጅ አርባ አምስት ያህል ነው። የወንድሙ ሰባ አንድ ሆነ። ስህተት ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሦስቱም ጊዜ ሰባ አንድ።

ነገሩን ያውቀው ነበር። አየሩ በሳሳበት ከፍታ የሰው አካል በፈጣሪው ጥበብ ቀይ ደሙን ያበዛል፤ ጥቂቱን እስትንፋስ በብዙ እጅ ለመልቀም ነው። ነገር ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ማብዛቱ ልኩን ያልፍና ደሙ እንደ ማር ይወፍራል፤ ልብ እሱን ሲገፋ ይደክማል፣ አንድ ቀንም በሥሩ ውስጥ ረግቶ ባለቤቱን ይጥለዋል። ፍቱን መድኃኒቱ መውረድ ነው። ይህንኑ ጽፎ ላከለት። ወንድሙም ደሜ ከተረፈ ላካፍላችሁ፣ እዚህ የኖረ ሰው ከወረደ ግን ይሞታል፣ ሦስት ወርደው ሦስቱም በወር ውስጥ ሞተዋል ብሎ መለሰ። እናታቸው ደብዳቤውን አስነብባ ሰማችና ለታናሹ ልጇ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሳትይዘው እንዳትመለስ።»

የበቅሎዋ ባለቤት ሕግ አላት፤ አካል የሳሳውን አየር እንዲለምድ አንድ ቀን መውጣት፣ አንድ ቀን መቀመጥ። እሱ ግን ወንድሙ ዛሬ ወይስ ነገ እንደሚወድቅ አያውቅምና መቀመጡን እምቢ አለ። አዲስ ደም ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈጅ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። የሚያውቀው ግን በብልቃጥ ነው፤ በገዛ አካሉ አላወቀውም።

ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደባቸው። ባቄላ የሚያህለው በረዶ ፊታቸውን ገረፈ፣ መንገዱን አጠፋ፣ ገደሉንና ሰማዩን አንድ አደረጋቸው። በጣምራ አለት ሥር ተሸጉጠው ሳለ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣና የራሱን የልብ ትርታ ጻፈ። ወዲያው መልሶ ቢያነበው የዶሮ ጭረት ሆነበት። ማን ጻፈው ብሎ ጠየቃት። እሷም ደብተሩን ከእጁ ወስዳ ከሻንጣው ከተተችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነብር መጣ። ከአለቱ ዘልሎ የበቅሎዋን ታፋ ሲቦጭቅ የበቅሎዋ ባለቤት ጫፉ ብረት የሆነውን ዘንጓን ይዛ ተወረወረች።

«ሦስት ናቸው» አለ ደም መርማሪው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ።

«አንድ ነው። ሁለቱን ያመጣሃቸው አንተ ነህ።»

አውሬው ዘንጉን በአፍንጫው ቀምሶ ወደ ጭጋጉ ተመለሰ። በቅሎዋ ግን ከዚያ በኋላ በሦስት እግር ነበር የምትሄደው። በማግስቱ ማለዳ ሴትዮዋ እንመለስ አለችው፤ እሱ ግን እየተንገዳገደ ሽቅብ ሄደ፣ እሷም ተከተለችው። ለምን እንደሚወጣ ሁለት ጊዜ ረሳ፤ ሁለት ጊዜም እናቱን አስታወሰ።

የጉድጓዱ ሠራተኞች ማደሪያ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ቦት ጫማዎች በምስማር ላይ ተሰቅለዋል፣ የራስ መብራቶች በመደርደሪያ ተሰልፈዋል። ታላቅ ወንድሙ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግንባሩን በጨርቅ ጠፍሮ አስሮ አገኘው። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። ተሳሳሙ። ታናሹ የመጣበትን ጉዳይ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን እንደ ተፈታ ዶቃ ተበተነበት።

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። የደብዳቤውን ነገር ሰምቶ ነበርና ከእኔ ጉድጓድ ሰው ለሞት አላወርድም አለ። ማስረጃ ካለህ አሳየን አለው። ደም መርማሪው በእጅ የሚዞረውን ትንሽ መዘውር ከሻንጣው አወጣ። እጁ ይህን ሥራ ከአእምሮው ይልቅ ያውቀው ነበርና ከወንድሙም ከራሱም ጣት ደም ወስዶ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሽከረከረ፤ ጎን ለጎንም አስቀመጣቸው። በአንዱ ቀዩ እስከ አንገቱ ሞልቷል፣ በሌላው ከወገቡ አላለፈም።

«የቱ ነው ያንተ?» አለ ካቦው።

አየ። ደግሞ አየ። አንዱ ሞት ነው፣ አንዱ ሕይወት፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን ከእጁ አመለጠው።

«ሁለቱም የእናታችን ናቸው» አለ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። የገዛ ደሙን የማያውቅ ሊያስተምረን መጣ አለ ካቦው። ታላቅ ወንድሙ አልሳቀም።

የበቅሎዋ ባለቤት ከወገቧ ገመድ ፈታች፤ በወለሉ ላይ ቀጥ አድርጋ ዘረጋችውና ተረከዝህን ከጣትህ እያገናኘህ በላዩ ሂድ አለችው። አንድ ተራመደ፣ ሁለት ተራመደ፤ በሦስተኛው እንደ ጆንያ ወደቀ።

«ከፍታው አንጎሉ ገብቷል» አለች። «ዛሬ ካልወረደ ነገን አያይም። በቅሎዬ ደግሞ ሰው አትሸከምም።»

ታላቅየው ክፍሉን ዞሮ አየ። ሁሉም ጫማውን ያይ ነበር፤ መውረድ መሞት ነውና ማንም አልተነሳም።

«የእኔ ወንድም በእግሩ ወርዶ ነው በሳጥን የተቀበረው» አለው ካቦው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ። ሳጥኑን ጠርቤ የላኩት እኔ ነኝ።»

የራስ መብራቱን ከመደርደሪያው አንስቶ ከካቦው እጅ ላይ አኖረ። ታናሹን በጀርባው አዘለ፤ ሴትዮዋም ሁለቱን በዚያው ገመድ አንድ ላይ ጠፈረቻቸው።

በጠባቡ ሸለቆ በኩል ወረዱ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ይንሸራተታል፣ ነፋሱ ያፏጫል። በየመቶ እርምጃው ታላቅየው ይቆማል፤ ጆሮው ይጮሃል፣ ልቡ የወፈረውን ደም እንደ ድንጋይ ጋሪ ሽቅብ ይገፋል። ከበረዶው ግግር የሚወርደው ወንዝ ሲደርሱ ውሃው እስከ ጭኑ ዋጠው።

«አባዬ፣ ውሃው ይወስደናል» አለ ታናሹ ከጀርባው።

አባታቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል።

«አይወስደንም፣ ልጄ። አንገቴን ያዝ» አለ ታላቅየው፣ በአባታቸው ድምፅ።

ወንዙን ተሻገሩ። ቁጥቋጦ ጀመረ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ዛፍ። አየሩ እየወፈረ ሲሄድ በታናሹ ራስ ውስጥ ያለው ጭጋግ በጥቂት በጥቂቱ ተነሣ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ካልሆንኩ የጎበጠው ማን ነው?»

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«ላወርድህ ነው።»

ታናሹ አንድ ነገር ተሳክሮበታል። «እኔ እኮ ነኝ አንተን ላወርድ የመጣሁት።»

«እሺ» አለ ታላቅየው ከሥሩ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አውርደኛ።»

ከተራራው ግርጌ ባለችው የበቅሎዋ ባለቤት ጎጆ ታላቅየው ጋደም አለ፤ ጸሎቱን አድርሶ፣ እጁን በደረቱ ላይ አጣምሮ ሞቱን ጠበቀ። ሲጠብቅ እንቅልፍ ወሰደው። ለዓመታት ራስ ምታት ሲቀሰቅሰው የኖረ ሰው ፀሐይ እስክትከር ተኛ። ሲነቃም ደረቱን ዳሰሰ፣ ከንፈሩን ዳሰሰ፤ የቀረበት ነገር ያለ ይመስል ግራ ተጋብቶ ወንድሙን አየው።

ከሁለት ወር በኋላ በምድር ቤቱ ቀዩ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ደም መርማሪው ያን ቁጥር ከመጻፉ በፊት በብልቃጡ ላይ የወንድሙን ስም ጻፈ፤ ቀድሞ ቁጥሩን ብቻ ነበር የሚጽፈው። ታላቅየውም በዚያው ቀን ለካቦው እንዲህ ሲል ደብዳቤ ላከ፦

«አልሞትኩም። ሦስቱም የወረዱት ሊሞቱ ሲሉ ነበር፤ የገደላቸው የቆዩበት እንጂ የመጡበት አይደለም። ሰው ሳይወድቅ ይውረድ። ራስህም ከንፈርህን በመስታወት እይ። እናታችን ማን ማንን እንዳወረደ በየቀኑ ትጠይቀናለች፤ እስካሁን አልተስማማንም።»