ሻንቶ ላይ የሚቆመው መስመር

በ2009 ዓ.ም. የልጅ ልጄ ኢየሩሳሌም ጠዋት ጠዋት ሶዶ ላይ መሮጥ ጀመረች። የሮጠችበትን መንገድ ስልኳ በቀይ መስመር ይስለዋል። እሷም ሮጣ ስትጨርስ መስመሩን ፌስቡክ ላይ ትለጥፈዋለች።

«ጄሪ፣ ይህን ማን ያየዋል?»

«ሁሉም ሰው፣ አያቴ።»

«ሌባም?»

«ሌባማ ከእኔ በላይ ይሮጣል!»

እኔ አልሳቅሁም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። በኦቶና ሰፈር በኩል ብቻዋን የምታልፍበትን ሰዓት አገር ሁሉ ሲያውቀው እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? «ዝጊው» እላታለሁ፤ አትሰማኝም።

ከጦና ጋር ያገናኛቸውም ያው መስመር ነው። ጦና የሻንቶ ከተማ የስፖርት መምህር ነው። ለሥልጠና ሶዶ መጥቶ ሳለ ዳገቱ ላይ ደረሰባት።

«ዳገት ላይ የምትለግሚው ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» አላት። ለካ በስልኩ ሲያያት ኖሯል።

«እንግዲያው ቅደመኛ!»

አልቀደማትም። ጎን ለጎን ወጡት። ይህን ስትነግረኝ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ እሱ ሻንቶ ይሮጣል፣ እሷ ሶዶ። «ዛሬ ቀስ ብሏል፤ እግሩን አሞት ይሆን?» ትለኛለች መስመሩን እያየች፣ አጠገቧ የዋለ ይመስል።

አንድ እሑድ ቤታችን መጣ። ስለ ዘመዶቹ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። «አባቴን አላውቀውም፣ እማማ፤ እናቴም ስሙን አታነሳም» አለኝ። ልቤ ፈራ። በእኛ በወላይታ፣ ጎሳ ከአባት ነው የሚመጣው፤ የአንድ ጎሳ ልጆች ደግሞ አይጋቡም።

ብዙም ሳይቆይ የጦና መስመር ጠባዩን ለወጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከወትሮው መንገድ ይወጣና አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል። የሻንቶ ጓደኞቹ ከሥሩ ጻፉ፦ «መምህር፣ ከገበያው ጀርባ እዚያ ግቢ ማን አለችህ?» እሱም «የልብ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ጠይቂዋ!» አልኳት።

«አገር እየሳቀብኝ? ምን ብዬ?»

ብሎክ አደረገችው። ሲደውልላትም አላነሳችም። ሩጫውንም ተወችው።

ከፋሲካ በኋላ የአባቷ ታላቅ ወንድም ሶርሳ ከሻንቶ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ያ መምህር የት ገባ?» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ የጄሪ አጎት ነህ ብሎ እየመጣ አባቴን አፈላልግልኝ ሲለኝ ነበር። አባቱን የሚያውቅ ሰው ሁምቦ ወርጄ አገኘሁ። ጎሳው ሌላ ነው! ይጋቡ!»

ጄሪ ስልኳን እንደያዘች ብድግ አለች። «ግቢው... የአንተ ነው?»

ስልኩ ላይ የሻንቶ ካርታ ነጭ ባዶ ነው፤ መስመሩ ብቻ ነው የሚታየው። እኛ ደግሞ የሶርሳን ቤት የምናውቀው በጎረቤቱ ወፍጮ ድምፅ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«አንድ ጎሳ ብትሆኑስ? ቁርጡን ሳላውቅ ተስፋ አልሰጣትም አለኛ።»

በዚያው ቀን ሻንቶ ሄድን። የጦና እናት በር ላይ ቆማ አየችን፤ ግቡም አላለችን።

«በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጣ። አባት የለኝምና ናቀችኝ ብሎ ነው የሄደው።»

ጄሪ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ እንደገና ትሮጣለች። ብሎኩንም አንስታለች። ቅዳሜ በሚኒባስ ሻንቶ ትሄድና ከገበያው ጀርባ ሮጣ ሶርሳ ደጅ ላይ ትቆማለች። መስመሯ የእሱ መስመር ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ይቆማል። ከጦና ግን እስካሁን ድምፅ የለም። በደህና ይድረስ አይድረስ እናቱም አታውቅ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሻንቶ ተመልሳ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። ስልኩን አጠገቧ ደፍታዋለች።

«ለጠፍሽው?» አልኳት።

«ምን ያደርጋል፣ አያቴ? ማን ያየዋል?»

«ሁሉም ሰው» አልኳት። «ለጥፊው፣ ልጄ።»