አልገባ ያለው እጅጌ

ልብስ ሰፊው አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ምላሷ ስለሚወጋ «መርፌ» ይሏታል። መርፌ የሰፈሩን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከወደደች ቆይታለች። መጀመሪያ ወደ ሱቃቸው የመጣው ሱሪ ሊያሳጥር ነበር፤ እሷን ለማየት ያንኑ ሱሪ እየመላለሰ ሲያሳጥር ቁምጣ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም።

አባቷ ግን «ልጁ ደግ ነው፤ እጁ ምን ይሠራል?» እያሉ ፈቃዳቸውን አዘገዩ። ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ መርፌ ጎጆ አትወጣም።

አንድ ቀን ሽማግሌው አባቷ ኮታቸውን ሰቅለው ለምሳ ወጡ። እዚያው የነበረው አስተማሪ የኮቱ ክርን መቀደዱን አየ። መርፌ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ስትተኩስ፣ ላስደስታቸው ብሎ እራፊ ጣፈበት።

ተመልሰው ኮታቸውን ሲለብሱ እጃቸው መሃል ላይ ቆመ። ቢገፉ ወይ ፍንክች! ለካ የእጅጌውን ፊትና ጀርባ አብሮ ሰፍቶታል።

መርፌ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ወዲያው ግን በቃ፣ አበቃልኝ አለች በልቧ።

«ማነው ይህን ጉድ የሠራ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ አስተማሪው፤ ጆሮው ቀልቷል። «እንግሊዞች ለዚህ ቃል አላቸው፤ ‹ቦች› ይሉታል። ባልሠለጠነ እጅ ነገር ማበላሸት ማለት ነው።»

«ቃሉንም ታውቃለህ፣ ሥራውንም ታውቅበታለህ!»

«ድሮ ግን ትርጉሙ መጠገን፣ መጣፍ ነበር። ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።»

«ታዲያ መጠገን እንዴት ማበላሸት ሆነ?» አለች መርፌ።

«እንደኔ ያለ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናላ!»

ሽማግሌው ሊያመልጣቸው የነበረውን ሳቅ ዋጡት። «ቃል ገላ አይሸፍንም» ብለው መቀስ አቀበሉት። «ቁጭ በል፤ ተርትረው።»

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጉዞው ቀጥታ ወደ ሱቁ ሆነ። ይሰፋል፣ ይተረትራል፣ ጣቱን ይወጋል። መርፌ ፊት ለፊቱ ትዘመዝማለች፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ግን የሁለቱም ክር ይበጠሳል። ደስ አላት፤ እጅግ ደስ አላት።

በመጨረሻ የሽማግሌው እጅ እጅጌውን አልፎ ወጣ። ስፌቱ ግን እንደ አባጨጓሬ ተንጋዷል።

«አሁንም አስቀያሚ ነው» አሉ ክርናቸውን እያገላበጡ። «ግን ያበላሸውን ጥሎ የማይሄድ ሰው ለልጄ ይሆናታል።»

መርፌ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አስተማሪው መቀሱን እንደያዘ ቀረ።

ለሰርጉ አዲስ ኮት ሰፍታላቸው ነበር፤ እምቢ አሉ። ያንኑ ባለ አባጨጓሬውን ለብሰው ገቡ። ዘመድ «ልብስ ሰፊ ሆነው ይህን ይለብሳሉ?» ሲላቸው ክርናቸውን ከፍ አድርገው «አማቼ ነው የሰፋው!» ይላሉ።